አልቀዳ ያለው አበባ

እኔ ባህሪያ ቁጣዬም ቶሎ ነው፣ መብረዴም ቶሎ ነው። ይህን ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ውስጥ የማያውቅ የለም። ባጃጆች እንኳን ሱቄ በር ላይ ሲቆሙ ሞተራቸውን ያጠፋሉ፤ በጭስ ነጭ ክሬን ያጠቆረብኝ ሹፌር ምን እንደቀመሰ ሰምተዋል። ሱቋ ትንሽ ናት፤ ክር፣ አዝራር፣ ዚፕ፣ ላስቲክ፣ መርፌ። ከፊቷ ግን በረንዳ አለ፣ በረንዳው ላይ ሁለት አግዳሚ ወንበር አለ፣ ከሰዓት በኋላ እዚያ አግዳሚ ላይ ኪሮሽ ይዛ ተቀምጣ የማታውቅ የሰፈራችን ሴት ብትፈለግ አትገኝም።

ዳንቴል በኛ ዘንድ ወረቀት አያውቅም። እርሻ ቢሮ ታይፒስት ሆና ጡረታ የወጣችው ጓደኛዬ የኔነሽ አንድ ጊዜ ከውጭ የመጣ የኪሮሽ መጽሔት አምጥታ ነበር፤ በክብና በሰረዝ የተሞላ፣ ሂሳብ ይሁን ድግምት የማይታወቅ። አንድ ሳምንት አገላብጠን ክር ጠቀለልንበት። እኛ የምንማረው ከእጅ ነው። አበባውን ትቀበያለሽ፣ ፊቱንና ጀርባውን ታያለሽ፣ ዙሩን ትቆጥሪያለሽ፣ አልገባ ካለሽ ከጫፉ ይዘሽ ትተረትሪዋለሽ፤ ሲተረተር የተሠራበትን መንገድ ይናገራል። አበባው ሰው ቤት ሶፋ ላይ ከሆነም ዐይን አለ። እኔ ለቅሶ ቤት ገብቼ፣ አፌ "አላህ ያጽናችሁ" እያለ፣ ዐይኔ የቴሌቪዥኑን ልብስ ቆጥሮ የወጣበት ቀን አለ፤ አስተግፊሩላህ።

ደረጃም አለን። ጀማሪ ወር ሙሉ ሰንሰለት ብቻ ነው የምትሠራው፤ ሰንሰለቷ ከበረንዳው እስከ ቦኖ ውሃው ካልደረሰ አበባ አላስነካትም። ከዚያ ባለ አምስት ቅጠሉን ትንሽ አበባ ትይዛለች፤ እሱ ለጠረጴዛ ጥግ ነው፣ ቢጣመምም ብርጭቆ ይሸፍነዋል። ከዚያ ባለ ስምንቱ። መጨረሻ ላይ ቅጠል በቅጠል ላይ የሚደረብበት ጽጌረዳ አለ፤ እሱን የጨረሰች ሴት በረንዳው ላይ እግሯን ዘርግታ ትቀመጣለች፣ ማንም አይናገራትም። እኔ ደግሞ አይቼ ያልቀዳሁት አበባ አልነበረም። እስከዚያ ክረምት ድረስ ማለቴ ነው።

ጊዜው 1999 ዓመተ ምሕረት ነው፣ ሁሉም ሰው ሚሌኒየም ሚሌኒየም የሚልበት። የየቡ ከተማው ቡና ነጋዴ ጅብሪል ጅማ ላይ ፔንሲዮን ሠርቶ ለአዲሱ ዓመት ሊከፍት ነው፤ የአልጋው ልብስ፣ የጠረጴዛው፣ የመጋረጃው ጠርዝ፣ ሁሉም በእጅ የተሠራ አበባ ይሁን አለ። እኛም ተሰብስበን የሴቶች ማኅበር አቋቋምን። ጅብሪል አሥራ ሁለት ሠራተኛ ብሎ ነው ከኛ ጋር የተዋዋለው፤ እኛ አሥራ አንድ ነበርን። አንድ ቦታ ቀረች። ደንባችን ደግሞ አንድ ነው፤ የምትገባ ሴት አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ፣ ሁላችንም እያየናት፣ አንድ አበባ ትጨርሳለች። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንዷ የማሽን ዳንቴል ገዝታ መጥታ "ስሠራ ነጋብኝ" ብላ አሞኝታን ስለነበር።

ሰሎሜ ሰኔ ላይ በዝናብ መጣች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ቀጫጫ፣ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ። አበባዋን ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ጠቅልላ ብብቷ ሥር ይዛው ነበር።

"እትዬ ባህሪያ እርስዎ ነዎት?"

"ነኝ። ግቢ፣ ትበሰብሻለሽ።"

ወረቀቱን ፈታሁት። ወላሂ ይዤው ወደ በሩ ብርሃን ወጣሁ። ስምንት ቅጠል ነው፣ እያንዳንዱ በጎረቤቱ ላይ ተኝቷል፣ ሁሉም ተያይዘው የሚዞሩ ነው የሚመስሉት። ክሩ ተራ ነጭ ክር ነው፣ ከኔው ሱቅ የተገዛ። ሥራው ግን ጠበቅ ያለ፣ ልስልስ ያለ፣ ጀርባው እንደ ፊቱ የጠራ ነው።

"ማሻአላህ! ማን አስተማረሽ?"

"ማንም፣ ራሴ ነኝ።"

ጉዳይዋን ሳልጠይቃት ነገረችኝ። የምትኖረው ቦሳ አዲስ ሰፈር፣ አጎቷ አቶ ወልደሰማያት ቤት ነው። አጎቷ ወደ ነቀምቴ ተዛውሯል፣ በጳጉሜ ይሄዳል። "ሥራ ካገኘሽ ከጓደኛሽ ጋር ቤት ተከራይተሽ ቆዪ፣ ካላገኘሽ ግን ወደ አባትሽ እመልስሻለሁ" ብሏታል። አባቷ ሰላሌ ነው ያለው፤ ባል መርጦ፣ ሽማግሌ ተቀብሎ፣ ቀን ቆርጦ ይጠብቃታል። እሷ ደግሞ የማታ ተማሪ ናት፣ አሥራ አንደኛ ክፍል።

"እትዬ፣ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም። ይቺ ቦታ ካመለጠችኝ አለቀልኝ" አለች።

አንጀቴን በላችው። "ቅዳሜ ነይ፣ እዚህ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለሽ አንድ ትሠሪያለሽ፣ በቃ" አልኳት። እንዲህ ስላት ፊቷ ጭልም አለ። ልብ አላልኩም፤ ዐይኔ አበባው ላይ ነበር።

ያንን አበባ ሦስት ቀን ታገልኩት። በመጀመሪያው ቀን በዐይኔ ቆጥሬ ሠራሁት፤ ቅጠሎቹ በተቃራኒው ተኙ። ደገምኩት፤ አሁንም በተቃራኒው። በሁለተኛው ቀን አንዱን ቅጠል ተረተርኩ። ክሩ እንደ ግመል ሽንት የኋሊት ይሄዳል! በሦስተኛው ቀን ኪሮሹን ስወረውር በር ላይ የቆመ ፍየል መታሁ። ባንኮኒው ጋ የምትሸጠው ልጄ ፋሪዳ "እማ፣ ፍየሉ ምን አደረገሽ?" ትለኛለች። ሃያ አምስት ዓመት በኪሮሽ ስኖር እንዲህ የደፈረኝ አበባ የለም።

ቅዳሜ አሥራ አንዳችንም ተሰበሰብን። በዕድሜ ትልቋ አዴ ዘይቡ ናቸው፤ ከሳቸው አፍ የወጣ ነገር ማኅበራችን ውስጥ ሕግ ነው። ሰሎሜ በሰዓቷ መጣች። ክርና ኪሮሽ ሰጠኋት።

"እትዬ፣ ቤቴ ሠርቼ ባመጣውስ?"

"አይሆንም።"

"እሺ ጓዳ ገብቼ ብቻዬን ልሥራና ላሳያችሁ?"

ሴቶቹ ተያዩ። እኔም ጠረጠርኩ። ብቻዋን ጓዳ የምትገባው ከጉያዋ የተሠራ ልታወጣ ካልሆነ ለምንድን ነው? "እዚሁ ነው" አልኳት።

ተቀመጠች። ኪሮሹን በቀኝ እጇ ያዘች። አያያዟን ሁለት ሦስቴ ስትለዋውጥ አይቼ "ፍርሃት ነው፣ ይለቃታል" አልኩ። አልለቀቃትም። ክሩ ያመልጣታል፣ ሰንሰለቱ አንዴ ይጠባል አንዴ ይሰፋል፣ ትተረትራለች፣ እንደገና ትጀምራለች። ግንባሯ በላብ ራሰ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ያስረከበችኝ ነገር የተረገጠ እንጉዳይ ይመስል ነበር። የአንድ ወር ጀማሪዎቼ ይበልጧታል።

ደሜ ፈላ። የፊተኛውን አበባ ከኪሴ አውጥቼ አፍንጫዋ ሥር ያዝኩት።

"ይሄን ማነው የሠራልሽ?"

"እኔ ነኝ፣ እትዬ።"

"ውሸታም! ዐይኔ እያየ? እኔን ባህሪያን?"

"ማርያምን፣ እኔ ነኝ!"

"ጭራሽ በማርያም ትምያለሽ!"

ኪሮሹን አግዳሚው ላይ በቀስታ አስቀመጠች፣ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አደረገችና ዝናቡ ውስጥ ወጣች።

የኔነሽ ተነሳችብኝ። "አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም አሉ። ልጅቷን በሰው ፊት ውሸታም ትያታለሽ?"

"እና ምን ልበላት? ሐቀኛ?"

አዴ ዘይቡ ግን "ዱጋ ኬ፣ ልክ ነሽ" አሉኝ። እሳቸው ልክ ነሽ ካሉኝ ሌላ ማን ይከራከረኛል? በዚሁ ተበተንን።

አበባው እኔ ጋ ቀረ። እሑድ ሙሉ ሲያበሳጨኝ ዋለ። አንድ ሰው ሠርቶታል፤ ልጅቷ ካልሠራችው ያ ቤት ውስጥ የተደበቀ ባለሙያ አለ ማለት ነው። አንዲት አሮጊት ትሆናለች፣ ምናልባት አልጋ ላይ የዋለች። እንግዲህ የኔን ጉድ ስሙ፤ ሄጄ አሮጊቷን ላገኛትና አሥራ ሁለተኛ ላደርጋት ቆረጥኩ! ሰኞ ጠዋት ሱቁን ለፋሪዳ ትቼ ባጃጅ ያዝኩ። ሹፌሩ መንገድ ላይ ስለ ሚሌኒየሙ ኮንሰርት ሲያወራኝ "ወንድሜ፣ እኔ ሌባ ልይዝ ነው የምሄደው፣ ዝም ብለህ ንዳ" አልኩት። እሱም ነዳ፤ ጉድጓድ የለ ምን የለ፣ አጥንቴን አላላው።

የአቶ ወልደሰማያትን ቤት ጠይቄ አገኘሁ። የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ማንኳኳት ይገባ ነበር፤ ሌባ የሚያዘው እጅ ከፍንጅ ነው ብዬ በጓሮ ዞርኩ። አቮካዶ ዛፍ ሥር፣ የተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ፣ ሰሎሜ ብቻዋን ተቀምጣለች። አሮጊት የለም። እጇ ይፈጥናል፣ ያ አበባ ራሱ እጇ ላይ ቅጠል በቅጠል ሲያድግ ይታየኛል። ግን የሆነ ነገር ተዛባብኝ፤ በመስታወት የማያት መሰለኝ። ትንሽ ቆይቶ ነው የገባኝ። ኪሮሹን የያዘችው በግራ እጇ ነው።

"ሱብሐነላህ!" ብዬ ጮኽኩ።

ዘላ ተነሳች። አበባው ጭቃው ላይ ወደቀ፤ እሷ የደበቀችው ግን እጇን ነው፣ ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው።

"እትዬ፣ በእናትዎ፣ ለማንም አይንገሩብኝ" አለች እንባዋ እየወረደ።

"ምኑን? ግራኝ መሆንሽን?"

"እንጀራ እናቴ እጄን በመቀነት ከወገቤ ጋር ታስረው ነበር። ተማሪ ቤትም መምህሩ ጣቴን በማስመሪያ ይመታኝ ነበር። እህል በቀኝ፣ ሰላምታ በቀኝ፣ ጽሕፈት በቀኝ፤ ሁሉንም ተማርኩ። ኪሮሽን ግን ማንም አላስተማረኝም። ብቻዬን ስጀምረው እጄ ራሱ መረጠ። ሰው ሲያየኝ ግን ይደርቅብኛል።"

አፈርኩ፤ እንደዚያ ያፈርኩበትን ቀን አላስታውስም። አበባውን ከጭቃው አንስቼ በቀሚሴ ጠረግሁት። ለካ ሦስት ቀን ሙሉ የታገልኩት ከግራ እጅ ጋር ነው፤ እሷ በወዲያ ስትዞር እኔ በወዲህ እየዞርኩ የት እንገናኝ?

"ውሸታም ያልኩሽን ይቅር በዪኝ" አልኳት። "ቅዳሜ ነይ። በግራሽ ትሠሪያለሽ።"

"ይስቁብኛል።"

"የሳቀች ካለች ከኔ ሱቅ ክር አታገኝም።"

"ባይቀበሉኝስ? ያው ወደ አባቴ መሄዴ ነው።"

"እሱን ያን ጊዜ እናያለን። አንቺ ብቻ ነይ።"

ይህን ስላት በጣም እርግጠኛ መስዬ ነው። ውስጤን ግን አዴ ዘይቡ አስፈርተውኛል። እሳቸው እንኳን በግራ እጅ የተሠራ ሊቀበሉ፣ በግራ እግሩ ሱቅ የገባ ሰው ያስወጣሉ። ሳምንቱን ሙሉ ለአንዷም ሳልነግራት ከረምኩ፤ ለኔ ይሄ ከጾም የከበደ ነው።

ቅዳሜ ሰሎሜ መጣች። አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ዐይኗን ጨፈነች፣ ኪሮሹን በግራዋ ያዘች። ሴቶቹ ሲያዩ አንገታቸውን አሰገጉ። እጇ እንደፈራችው ደረቀ፤ አንድ ሰንሰለት እንኳን አልወጣ አላት። ይሄኔ የኔነሽ፣ አላህ ይስጣት፣ ድንገት ስለ ጣሪያዋ ማፍሰስ ማውራት ጀመረች። እኔም ተቀበልኳት። ሌላዋ የቆርቆሮ ምስማር እንዴት እንደሚመታ ተረከች። ማንም ወደ ሰሎሜ የማያይ መስለን ስለ ጣሪያ ስንጨቃጨቅ እጇ ፈታ አለ፣ ከዚያም ፈጠነ። ጣሪያውን ሳንጨርሰው አበባው አለቀ።

ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሁሉም ገለበጠው፣ ሁሉም ቆጠረው። "እህስ?" አልኩ።

አዴ ዘይቡ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሥራው ሥራ ነው፣ አልዋሽም። ግን በግራ እጅ? ሰው የሚተኛበት አልጋ ላይ? እህል የሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ? ነገ ቢሰማ የማኅበራችን ስም ምን ይሆናል? እኔ አልስማማም።"

ሦስት አራቱ ከሳቸው ጋር አጉረመረሙ። ሰሎሜ ክሯን መጠቅለል ጀመረች።

ያኔ ተነሳሁ። እኔ ስነሳ አግዳሚው ሳይቀር ይጮኻል።

"አዴ ዘይቡ፣ አከብርዎታለሁ፣ ዛሬ ግን አልሰማዎትም! አላህ ሁለት እጅ የሰጠን አንዱን ለማሰር ነው? ይቺ ልጅ እጇን በመቀነት ታስራ ነው ያደገችው! ለመሆኑ የልጅ እጅ የሚያስር ሰው ልቡ ከምን የተሠራ ነው? እንጀራ እናት ሆና ነው እንጂ የወለደች ብትሆን ታደርገው ነበር? እናት የልጇን እጅ ታስራለች? እስቲ ንገሩኝ!"

"አንቺ አስረሽኛል፣ እማ።"

ፋሪዳ ናት። ባንኮኒው ጋ ቆማ አዝራሮቹን በየቀለማቸው ትለይ ነበር፤ ቀና እንኳን አላለችም።

"ምን አልሽ?"

"በቀይ ክር፣ ከዚሁ ሱቅ። ከቀሚሴ አዝራር ጋር።"

ረስቼው ነበር ብል ውሸት ነው። ጥፋት ነው ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር እንጂ። አምስት ዓመቷ ነው፣ ቁርኣን ቤት ልትገባ ስትል። ሁሉን ነገር በግራዋ ነበር የምትይዘው። ጠዋት ጠዋት ያንን እጇን ከቀሚሷ አዝራር ጋር አስር ነበር፤ ቀይ ክር የመረጥኩት ፈታችው አልፈታችው ከሩቅ እንዲታየኝ ነው። ከአንዱ ረመዳን እስከ ሌላው ረመዳን እንዲህ አደረግኳት። ስትተው ደስ ብሎኝ ሰደቃ አወጣሁ። በአሥር ዓመቷ አግዳሚው ላይ አስቀምጬ ኪሮሽ አስያዝኳት፣ በቀኟ፤ ሰንሰለት እንኳን አልወጣ አላት። "ከናቷ እጅ ምንም አልወረሰችም" ብዬ በሰው ፊት ሳቅኩባትና ባንኮኒው ኋላ አቆምኳት። እዚያው አደገች። በዚያ ክረምት አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር።

መጀመሪያ የተናገረችው የኔነሽ ናት። "የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች" አለችኝ፤ ወዲያው ግን እሷም አቀረቀረች። "እኔስ ብሆን። ልጄ ዳግማዊ በግራው እየበላ ሲያስቸግረኝ ጣቱን በርበሬ ቀብቼዋለሁ።"

"እኔ በማማሰያ ነው የመታኋት" አለች አንዷ፣ ማንን እንደመታች ሳትነግረን። ሌላዋ የታናሽ ወንድሟን አነሳች። ሁሉም ቤት አንድ ግራኝ ነበረ።

አዴ ዘይቡ ግራ እጃቸውን በቀኛቸው ይዘው ጉልበታቸው ላይ ያሹታል። ጣቶቹ መሀል የሚያብለጨልጭ አሮጌ ጠባሳ አለ፤ ስንት ዓመት ስናየው የምድጃ አደጋ ነው ብለን ጠይቀናቸው አናውቅም።

"እናቴን አላህ ይማራትና፣ እኔን ግራኝነቴን በፍም ነው ያስተወችኝ" አሉ በመጨረሻ። ከዚያ በዚያ እጅ ወደ ሰሎሜ ጠቆሙ። "ክር ስጧት። ትግባ።"

እልልታው በረንዳውን ሞላው። የሰላሌ ሽማግሌዎች ሌላ ቤት ይፈልጉ፤ አሥራ ሁለተኛዋ ተገኘች። ሰሎሜ የአዴ ዘይቡን ጉልበት ልትስም ጎንበስ ስትል እሳቸው ቀና አድርገው ግንባሯን ሳሟት። የኔነሽ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ ስለ ጣሪያዋም ታወራለች።

እኔ ወደ ባንኮኒው ሄድኩ። "ፋሪዳ፣ ልጄ፣ ነይ ውጪ። ላሳይሽ። በግራሽ።"

አዝራሮቹን ትታ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። "አንቺ በግራ አታውቂበትም እኮ፣ እማ። ሰሎሜ ታሳየኛለች።"

እሺ አልኩ። ወጥታ ከሳጥኑ ውስጥ ኪሮሽ መረጠችና ሰሎሜ አጠገብ ተቀመጠች። ሰሎሜ ክሩን ጣቷ ላይ ስታጠልቅላት፣ ክሩ ሲያመልጣቸው፣ ሁለቱም ተሳሳቁ።

እኔ ባንኮኒው ኋላ ገባሁ። አንድ ሰውዬ መጥቶ ለጃኬቱ ጥቁር ዚፕ ጠየቀኝ። አንዱን መሳቢያ ከፈትኩ፣ ሌላውን ከፈትኩ። ቡኒ አለ፣ ሰማያዊ አለ፤ ጥቁሩን የት እንደምታስቀምጠው አላውቅም። ልጠራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

"ሌላ ቀን ይምጡ" አልኩት ሰውዬውን። "ዛሬ ልጄ ሥራ ላይ ናት።"